በአየር በሚቀዘቅዝ አሮጌ ኮምቢ ላይ የሞተር መለኪያዎችን ስለ መግጠም

ሀ) መግቢያ

በአገራችን ሕዝብ ዘንድ እንደ ቮልስዋገን የተለመዱ መኪናዎች ጥቂቶች ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የወጡት በዚሁ ትንሽ መኪና ተሳፍረው እንደ ነበረ ይታወቃል። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዕድሜያቸው ከግማሽ ምእት ዓመት ያለፈ ቮልሶች ዛሬም ሥራቸውን ሲሠሩ ይታያሉ። የዚሁ መኪና ታናሽ ወንድም ሊባል የሚችለው ኮምቢ ነው። የኮምቢ ሐሳብ የመነጨው ቤን ፖን የተባለ ሆላንዳዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ከነደፈው ሥዕል ሲሆን፣ በፋብሪካ መሠራት የጀመረው በ1950 ነው። ሞተሩ በኋላ በኩል የተቀመጠ፣ ውሃም ራዲያተርም የሌለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ይህ ዐይነት ሞተር በብራዚል ይሠሩ በነበሩት ኮምቢዎች ላይ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆይቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንደዚህ ባለ አሮጌ መኪና ላይ የሞተሩን ሁኔታ የሚያሳዩ መለኪያዎች ለምን እንደሚያስፈልጉ፣ በየትኛው ቦታ እንደሚገጠሙና ንባባቸው እንዴት እንደሚተረጎም ማስረዳት ነው። «ይህ የጋራዥ እንጂ የኮሌጅ ጉዳይ አይደለም» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በመለካትና በመገመት መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ የጥናት ሁሉ መጀመሪያ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም።

ለምሳሌ የመረጥነው መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል ወደ አታት የሚወስደውን ነው። አታት ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚያደርሰው መንገድ ላይ፣ ከወልቂጤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በዚያ ያለው ሆስፒታል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዚህ ሆስፒታል ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ የነበሩትን 22 ዓመታት የመረመረ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። እንደ ጥናቱ፣ የመውለጃ ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው በእናቶች ማረፊያ ቤት ከቆዩት ሴቶች መካከል የሞቱት በ100,000 ሕያው ልደት 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ያህል ናቸው። የዚህ ልዩነት ምክንያት መኪና ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ የሚባክን ሰዓት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቍጥር ማግኘት ያስቸግራል። ሕመምተኛ የጫነ መኪና በእምድብርና በአታት መካከል ቢቆም ጉዳቱ የባለ መኪናው ብቻ አይሆንም። በመስቀል ሰሞንም የጉራጌ ተወላጆች ከያሉበት ተሰብስበው ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ መኪናው ሰው ከነጓዙ ጢም ብሎ ተጭኖበት ይጓዛል። ሞተር የሚፈተነው እንደዚህ ባለው ቀን ነው።

ለ) ሞተሩ እንዴት ይቀዘቅዛል?

ሞተሩ አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ተጋድመው ተቀምጠዋል። ሲሊንደሮቹ ከብረት፣ ቴስታታቸው (የሲሊንደሮቹ ራስ) ከአሉሚኒየም፣ የሞተሩ አካል ደግሞ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው። በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ ዙሪያ ቀጫጭን ክንፎች ተደርድረዋል። የክንፎቹ ተግባር ትኩሱ ብረት ከአየር ጋር የሚነካካበትን ስፋት ማብዛት ነው። አየሩን የሚገፋው ቬንቲላተር ከዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለ ሲሆን፣ ሁለቱንም አንድ ቺንጊያ (ቀበቶ) ያዞራቸዋል። ከዚህ ሌላ በሞተሩ ውስጥ ያለው 2.5 ሊትር ዘይት ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን የሙቀት ማጓጓዣም ነው። ከፒስተኖችና ከኩሽኔታዎች የተቀበለውን ሙቀት ተሸክሞ በቬንቲላተሩ ቆርቆሮ ውስጥ ወዳለው ማቀዝቀዣ ይወስደዋል።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ የቬንቲላተሩ ፍጥነት ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው። ነጂው ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቀ ቢሄድ፣ ሞተሩ ብዙ ሙቀት እያመነጨ ጥቂት አየር ብቻ ያገኛል። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ፈጠን ብሎ እንዲዞር ቢያደርግ ግን የሚነፍሰው አየር ይበዛል። «ሞተሩ ሲጮኽ ይጎዳል» የሚለው አስተሳሰብ በዚህ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ የአራቱ ሲሊንደሮች ሙቀት እኩል አይደለም። በአሮጌው ሥሪት የዘይቱ ማቀዝቀዣ የተተከለው ከግራዎቹ ሲሊንደሮች በላይ፣ በአየሩ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ 3ኛው ሲሊንደር፣ ይኸውም በግራ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው፣ አስቀድሞ የሞቀና የተቀነሰ አየር ይደርሰዋል። ፋብሪካው ይህን ጉድለት ተገንዝቦ ከ1971 እ.ኤ.አ. ሥሪት ጀምሮ ማቀዝቀዣውን የራሱ የአየር መውጫ ባለው ሌላ ሣጥን ውስጥ አዛውሮታል።

ሦስተኛ፣ የአየሩ ቅጥነት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው 79 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ቬንቲላተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር በክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። እርግጥ ነው፣ ሞተሩም የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚያንስ የሚያመነጨው ሙቀት ይቀንሳል። ነገር ግን ጉልበቱም አብሮ ስለሚቀንስ ነጂው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ለሙቀቱ መንሥኤ የሚሆነው ይህ ነው።

ሐ) ሁለቱ መብራቶች ምን ይናገራሉ?

በአሮጌ ኮምቢ ውስጥ ከነጂው ፊት የሚገኙት የፍጥነት መለኪያ፣ እንደ ሥሪቱ ዘመን የነዳጅ መለኪያና ስለ ሞተሩ የሚናገሩ ሁለት ትንንሽ መብራቶች ናቸው። አንደኛው የዘይት ግፊት መብራት ነው፤ ሁለተኛው የዲናሞ መብራት ነው።

የዘይት መብራት የሚበራው ግፊቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.15 እስከ 0.45 ኪሎ ግራም ወዳለው መጠን ሲወርድ ነው። ፋብሪካው ባወጣው መመሪያ መሠረት ግን ዘይቱ 70 ዲግሪ ሞቆ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር ግፊቱ 3 ኪሎ ግራም ያህል መሆን አለበት። ወደ 2 ኪሎ ግራም ከወረደ ሞተሩ ያረጀ ነው ማለት ነው። እንግዲህ መብራቱ የሚናገረው ግፊቱ ከእርጅናው ወሰን ሩብ እንኳ በማይሞላበት ሰዓት ነው። ከ3 እስከ 0.45 ባለው ረጅም ቍልቍለት ውስጥ መብራቱ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዚህ ነው።

የዲናሞው መብራት ደግሞ በአብዛኛው ነጂ ዘንድ ትርጕሙ የተሳሳተ ነው። በውሃ በሚቀዘቅዙ ብዙ መኪናዎች ላይ ይህ መብራት ቢበራ «ባትሪው እየተሞላ አይደለም» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ነጂውም ከሚቀጥለው ከተማ ደርሶ ሊያስመረምር ይችላል። በኮምቢ ላይ ግን ዲናሞውንና ቬንቲላተሩን የሚያዞረው ቺንጊያ አንድ ስለ ሆነ፣ መብራቱ ማቀዝቀዣው ቆሟል ማለትም ሊሆን ይችላል። «ወልቂጤ ደርሼ አሳየዋለሁ» ብሎ የቀጠለ ነጂ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። መብራቱ ሲበራ ወዲያው ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና ቺንጊያውን መመልከት ግዴታ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ግፊት መብራት አለው፤ ቺንጊያም መብራት አለው፤ ሙቀት ግን ምንም መብራት የለውም። በክንፎቹ መካከል ጭቃና ጭድ ቢሞላ፣ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀልበት መጠን ቢሳሳ፣ የካንዴላው ብልጭታ ከጊዜው ቢቀድም፣ ነጂው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም። የሚያውቀው ዘይቱ ቀጥኖ ግፊቱ ከወረደ በኋላ ወይም የጭስ ማውጫው ቫልቭ ከተሰበረ በኋላ ነው።

መ) የትኞቹ መለኪያዎች ያስፈልጋሉ?

ለዚህ ሞተር የሚጠቅሙት አራት ናቸው። እነርሱም የዘይት ሙቀት መለኪያ፣ የቴስታታ ሙቀት መለኪያ፣ የዘይት ግፊት መለኪያና የቮልት መለኪያ ናቸው።

የዘይት ሙቀት ቀስ ብሎ የሚወጣና ቀስ ብሎ የሚወርድ ነው። ስለዚህ የሚያሳየው የሞተሩን ጠቅላላ ሁኔታ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በጉዞ ላይ ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ቢያሳይ ደኅና ነው። 120 ከደረሰ ፍጥነት መቀነስ፣ ካልወረደም መቆም ይገባል።

የቴስታታ ሙቀት በአንጻሩ ፈጣን ነው። ዳገቱ እንደ ጀመረ መርፌው ይነሣል፤ ማርሽ ሲቀነስ ወዲያው ይመለሳል። ከካንዴላው ሥር ሲለካ በተለመደ ጉዞ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ያህል ያሳያል። ወደ 220 እና 230 ሲጠጋ አደገኛ ነው።

የዘይት ግፊት መለኪያ የሞተሩን ዕድሜ ይናገራል። ዘይቱ በሞቀ ጊዜ ግፊቱ ከወር ወደ ወር እየወረደ ከሄደ ኩሽኔታዎቹ እየተበሉ ናቸው። የቮልት መለኪያ በበኩሉ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት አለመሙላቱን ያሳያል። ባለ 12 ቮልት በሆነው መኪና ላይ በጉዞ ጊዜ 14 ቮልት ያህል ሊያሳይ ይገባል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ሥሪት በፊት የነበሩት ኮምቢዎች ግን በአብዛኛው ባለ 6 ቮልት ስለ ሆኑ፣ ባለ 12 ቮልት መለኪያ ገዝቶ በእነርሱ ላይ መግጠም ከንቱ ድካም ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የቱ ይቅደም? በእኛ አስተያየት የሚቀድመው የዘይት ሙቀት መለኪያ ነው። ምክንያቱም ከላይ እንደ ተባለው ድንገተኛ የግፊት መውደቅና የቺንጊያ መበጠስ ምንም እንኳ ዘግይቶም ቢሆን መብራት አላቸው፤ ሙቀት ግን የለውም። ከሁለቱ የሙቀት መለኪያዎች ደግሞ የዘይቱ አገጣጠም ቀላል፣ ንባቡም ለስሕተት ያልተጋለጠ ነው። ቀጥሎ የቴስታታው፣ ከዚያ የግፊቱ፣ በመጨረሻ የቮልቱ ይከተላል።

ሠ) አገጣጠማቸው

1. የዘይት ሙቀት። የማፍሰሻ ብሎን ባላቸው ሞተሮች ላይ ብሎኑ ወጥቶ በምትኩ ሴንሰሩ ይገባል። ይህ ቦታ ለንባብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሴንሰሩ ከሞተሩ ሥር ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ድንጋይ በበዛበት መንገድ ላይ ሊመታ ይችላል። ወደ ገጠር ለሚሄድ መኪና በዘይት መለኪያው ዘንግ ምትክ የሚገባው ዐይነት ይሻላል። እርሱም ቢሆን ጫፉ ዘይቱ ውስጥ መጥለቅ አለበት። ዘይቱ ከጎደለ የሚለካው የዘይቱን ሳይሆን የእንፋሎቱን ሙቀት ነው።

ሴንሰሩን ከመግጠም በፊት መፈተን ይገባል። ፈተናው በምድጃ ላይ የሚደረግ ነው። ሴንሰሩ በሽቦ ከመለኪያው ጋር፣ አካሉ ደግሞ በሌላ ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ይያያዝና ጫፉ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይነከራል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በወልቂጤ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መለኪያው በአዲስ አበባ 92 ቢያሳይ ትክክለኛ ነው፤ 100 ቢያሳይ ግን 8 ዲግሪ እያበዛ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን መለኪያ ብልሹ ብሎ ሊጥለው ይችላል።

2. የቴስታታ ሙቀት። ይህ መለኪያ የሚሠራው በተርሞካፕል ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በአንድ ጫፍ ተጋጥመው ሲሞቁ በሌላው ጫፍ በጣም ጥቂት ቮልት ይፈጠራል። የሙቀቱ ልዩነት በበዛ ቍጥር ቮልቱም ይበዛል። ጫፉ ቀለበት ሆኖ ከካንዴላው ሥር ይገባል። ቦታው ከላይ በተገለጸው ምክንያት 3ኛው ሲሊንደር መሆን አለበት፤ በጣም የሚሞቀውን ትቶ የሚቀዘቅዘውን መለካት ራስን ማታለል ነው። ቀለበቱ ሳይጣመም በደንብ መተኛት ይገባዋል፤ ካንዴላው ከላላ ንባቡ ይሳሳታል፣ ጋዝም ያመልጣል።

የተርሞካፕሉ ሽቦ አጠረ ተብሎ ተራ የመዳብ ሽቦ አይቀጠልበትም። ሽቦው ራሱ የመለኪያው አካል ስለ ሆነ፣ የሚቀጠለው ያው ዐይነት ብረት ብቻ ነው። ረዝሞ ከተገኘም መቁረጥ ሳይሆን ጠቅልሎ ማሰር ይሻላል። ሞተሩ በኋላ፣ መለኪያው በፊት ስለ ሆነ 6 ሜትር ያህል ርዝመት አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ደግሞም ቀላሎቹ መለኪያዎች የሚለኩት በቀለበቱና በመለኪያው መካከል ያለውን ልዩነት ሲሆን፣ የመኪናው ውስጥ 20 ዲግሪ ነው ብለው የሚነሡ ናቸው። በጊቤ በረሓ የመኪናው ውስጥ 35 ዲግሪ ቢደርስ መለኪያው 15 ዲግሪ አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ በቆላ 205 ሲያሳይ 220 ነው ብሎ መገመት ያስፈልጋል።

3. የዘይት ግፊት። የመብራቱ ሴንሰር የሚገኘው በሞተሩ በግራ በኩል ነው። ጥርሱ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ ጫፉ እየሾጠጠ የሚሄድ ነው። የሞተሩ አካል ለስላሳ ቅይጥ ስለ ሆነ በኃይል ያጠበቀ ሰው ሊሰነጥቀው ይችላል። ለመለኪያውም ለመብራቱም የሚያገለግል ባለ ሁለት ጫፍ ሴንሰር አለ። እርሱን የሚጠቀም ሰው መብራቱን ሳያጠፋ መለኪያ ያገኛል። መብራቱን ነቅሎ በመለኪያ መተካት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ የነጂው ዐይን ሁልጊዜ መርፌ ላይ ሊሆን አይችልምና።

ይህ ሴንሰር ከባድ ነው። በነሐስ መጋጠሚያ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቢተው የሞተሩ ንዝረት መጋጠሚያውን ሊሰብረው ይችላል። ያን ጊዜ ዘይቱ በሙሉ መንገድ ላይ ይፈሳል፤ ሞተሩን ለመጠበቅ የተገጠመው መሣሪያ ራሱ ሞተሩን ያጠፋዋል ማለት ነው። መድኀኒቱ በግፊት የማይፈነዳ ጠንካራ ጎማ በመካከል አድርጎ ሴንሰሩን ከመኪናው ግድግዳ ጋር ማሰር ነው። በጎማ ከተያያዘ ከሞተሩ ብረት ጋር መነካካቱ ስለሚቀር፣ ለአካሉ የተለየ የኔጋቲቭ ሽቦ ሊሰጠው ይገባል።

4. የኤሌክትሪኩ መስመር። መለኪያዎቹ ኃይል የሚያገኙት ቍልፉ ሲዞር ብቻ ከሚሠራ መስመር፣ በፊውዝ በኩል መሆን አለበት። ሽቦዎቹ ስለታም ቆርቆሮ በሚያልፉበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማ ይደረግላቸዋል፤ ከጭስ ማውጫው ይርቃሉ። የሁሉም መለኪያዎች ኔጋቲቭ በአንድ ንጹሕ ብሎን ላይ ቢታሰር ይሻላል። መብራት ሲበራ የሚዘል መርፌ ካለ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዝገት ወይም የላላ ኔጋቲቭ ነው። መለኪያዎቹ የሚቀመጡት ነጂው አንገቱን ሳያዞር በሚያይበት ቦታ ነው።

ረ) በመንገድ ላይ ንባብ

አሁን መለኪያዎቹ የተገጠሙለት አንድ ኮምቢ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አታት ሲጓዝ እናስብ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ ወፍራም ስለ ሆነ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ የጤንነት ምልክት አይደለም፤ የቅዝቃዜ ምልክት ነው። ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ሞተሩን አለማስጨነቅ ይገባል።

ከሰበታ እስከ ወልቂጤ መንገዱ በጠቅላላው ቍልቍል ነው፤ ከ2,350 ሜትር ገደማ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ ጉዞ ላይ መርፌዎቹ የሚቆሙበት ቦታ የሞተሩ ተራ ንባብ ስለ ሆነ በደብተር ሊጻፍ ይገባዋል። በመመለሻው ግን ያው መንገድ ዳገት ይሆናል። የዘይቱ ሙቀት በሄዱበት ጊዜ ካሳየው በጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል አያስደንቅም። በተመሳሳይ ጭነትና ፍጥነት ካለፈው ወር መመለሻ በ15 ዲግሪ ከፍ ቢል ግን አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው፤ ቤት ሲደርሱ መመርመር ያስፈልጋል።

ከወልቂጤ ወደ ጅማ ለሚሻገር ሰው የጊቤ ሸለቆ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። መንገዱ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርድና የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው 90 ከመቶ ያህል ይሆናል። ካርቡራተሩ በአዲስ አበባ ቀጭን አየር ልክ ነዳጅ እንዲያሳንስ ከተስተካከለ፣ በዚህ ወፍራም አየር ውስጥ ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ቴስታታውን ያግላል። ሙቀቱ ቆላ፣ ድብልቁ ሳሳ ያለ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ረጅም ዳገት የሆነበት ሞተር በእውነት የሚፈተነው እዚህ ነው። ነጂው የቴስታታው መርፌ ሲነሣ እያየ ቀደም ብሎ ማርሽ ቢቀንስ መርፌው ሲመለስ ያያል። ይህን አንድ ጊዜ በዐይኑ ያየ ሰው ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም።

መርፌው ከወሰን አልፎ ከሆነ ጥላ ፈልጎ መቆም ነው። ቺንጊያው ደኅና ከሆነ ሞተሩን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በቀስታ ማዞር ይጠቅማል፤ ቬንቲላተሩ እየነፈሰ ሙቀቱን ያወጣዋልና። ቺንጊያው ከተበጠሰ ግን ወዲያው ማጥፋት ነው። በምንም ምክንያት በጋለው ሞተር ላይ ውሃ አይደፋም፤ ብረቱና አሉሚኒየሙ በድንገት ሲቀዘቅዙ ሊሰነጠቁ ይችላሉ።

ሰ) መለኪያ የማይሠራው ሥራ

መለኪያ ሐኪም አይደለም። የሙቀቱን መብዛት ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ስለዚህ መርፌው ከተለመደው ቦታ ሲነሣ ቅደም ተከተል ይዞ መመርመር ይገባል። በመጀመሪያ የዘይቱ መጠንና ዕድሜ ይታያል፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ የፋብሪካው ደንብ ነው፤ አቧራ በበዛበት መንገድ ግን ቀደም ማለት ይሻላል። ቀጥሎ የቺንጊያው ጥብቀት፣ ከዚያ የካንዴላው ብልጭታ ጊዜ፣ የቫልቮቹ ክፍተትና ካርቡራተሩ ይመረመራሉ። በመጨረሻ በክንፎቹ መካከል የተጠራቀመው ቆሻሻና አይጥ የሠራችው ጎጆ ይፈለጋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በሞተሩ ዙሪያ ባለው ቆርቆሮና በመኪናው አካል መካከል የሚዘጋ የጎማ ጠርዝ ነበረ። በአሮጌዎቹ ኮምቢዎች ላይ ይህ ጎማ ደርቆ ይወድቃል፤ ጥቅሙን ያላወቀ ሰውም መልሶ አያስገባውም። ጎማው ከሌለ ከሞተሩ ሥር የወጣው ትኩስ አየር ወደ ላይ ተመልሶ በቬንቲላተሩ ይሳባል። ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል ማለት ነው። የዚህ ጎማ ዋጋ ከአንዱ መለኪያ ዋጋ ያነሰ ሲሆን፣ ጥቅሙ ግን ሊበልጥ ይችላል። መለኪያ ለመግዛት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰው በዚያው ይህንም ጎማ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሸ) መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሲጠቃለል፣ ፋብሪካው የሰጠን መብራቶች ጉዳት ሲደርስ የሚጮኹ ናቸው፤ መለኪያ ግን ከጉዳት በፊት ያለውን ጊዜ ይሰጠናል። ያ ጊዜ በአዲስ አበባ መካከል ላለ ሰው ጥቂት ብር ያተርፍለት ይሆናል። ጋራዥ በሌለበት በአታት መንገድ ላይ ግን በመድረስና ባለመድረስ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ያሉትን አሮጌ ሞተሮች ተንከባክቦ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ዋናው ነገር መሣሪያው ሳይሆን ደብተሩ ነው። የራሱን ሞተር ተራ ንባብ ያልጻፈ ነጂ፣ አራት መለኪያ ቢገጥምም አራት ጌጥ ሰቀለ እንጂ አልለካም። ስለዚህ በምሕንድስና ትምህርት ላይ ላሉት ጓደኞቻችን አንድ ሥራ እናቀርባለን። አንድ ኮምቢ ወስዶ በአዲስ አበባ፣ በወሊሶ፣ በወልቂጤና በጊቤ ድልድይ መካከል፣ ጭነቱን፣ ማርሹንና የውጩን ሙቀት እያስታወሱ የሁለቱን ሙቀቶች ንባብ በየ10 ኪሎ ሜትሩ መጻፍ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥናት ነው። የሚገኘው ሠንጠረዥ ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርዱት የአገራችን መንገዶች የሚስማማ ይሆናል፤ የፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ለዚህ ከፍታ አይደለምና። አባቶች «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት ለሰው ነው፤ ነገር ግን ሰውን ለሚሸከመው ሞተርም ያገለግላል።